ጣና ላይ የጠፋችው ነጥብ

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ ጓዙን ጠቅልሎ በሄደ ሰሞን፣ ትንቢት በአቶ ባምላክ ጀልባ ላይ ከፊት ተቀምጣ በእጇ የያዘችው መሣሪያ ላይ አፍጥጣ ነበር። መሣሪያው ከስልክ ወፈር ያለ፣ ጠርዙ በጥቁር ጎማ የተለበጠ፣ ከታች ትናንሽ የፊደል ቁልፎች ያሉት የእጅ ኮምፒውተር ነው። ካርታው ተከፍቷል። ጣና በሰማያዊ ተስሏል፤ ደሴቶቹ አሉ፤ የጉማራ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ እንኳ እንደ ክር ቀጥኖ ይታያል። የጠፋችው እሷ ነች። ሌላ ጊዜ ጀልባው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ካርታው ላይ አብራ የምትሄደው ነጥብ የለችም። በምትኩ ከስር፣ ያለችበት ቦታ ገና እየተፈለገ መሆኑን የሚናገር ግራጫ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።

"እህሳ፣ አገኘሽው?" አሉ አቶ ባምላክ ከኋላ፣ የሞተሩን እጀታ እንደያዙ።

"ገና ነው ጋሼ። ትንሽ ይታገሱኝ።"

አቶ ባምላክ ታገሱ። ሞተሩን ዝቅ አድርገው ጀልባውን ውሃው እንደፈለገ እንዲያወዛውዘው ተዉት። ከፊታቸው እምቦጩ ተዘርግቷል። አገሩን የማያውቅ ሰው ከሩቅ ቢያየው ለምለም መስክ ነው ብሎ ከብት ሊነዳበት ይችላል። ከዚያ አረንጓዴ ስር ግን ያለው ውሃ ነው፤ ዓሣው መተንፈሻ ያጣበት፣ ጀልባ የማይሰነጥቀው ውሃ። የትንቢት ሥራ የዚህን አረም ጠርዝ በጀልባ እየተከተለች መለካት ነበር። ነጥቧ በሄደችበት ሁሉ መስመር ትተዋለች፤ መስመሩ ዞሮ ሲገጥም የአረሙ ስፋት ይታወቃል፤ አረም ነቃዮቹ ገበሬዎችም በየትኛው ዳርቻ እንደሚሰማሩ የሚወሰነው በዚያ ነው። ነጥቧ ከሌለች ግን ሁለቱም እዚያ ውሃ ላይ የተቀመጡት ለሽርሽር ነው።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። ትንቢት መሣሪያውን አጥፍታ አበራችው። ወደ ሰማይ አንጋጠጠችው። ከጀልባው ጥላ አውጥታ እጇን ዘርግታ ያዘችው። ግራጫው ጽሑፍ ያው ነው።

"ሰማዩ ዘግቶ ይሆን?" አሉ አቶ ባምላክ።

ትንቢት ቀና ብላ አየች። አንዲት የደመና ቁራጭ የለም። "ሰማዩስ ጥርት ብሏል" አለች።

የቀትሩ ነፋስ ሳይነሳ መመለስ ነበረባቸው። አቶ ባምላክ ጀልባውን አዞሩ።

ትንቢት የአርባ ምንጭ ልጅ ነች። ባሕር ዳር የመጣችው እምቦጭን የሚከታተል አንድ ፕሮጀክት በኢንጂነርነት ቀጥሯት ነው። ሲጀመር ቢሮው ሰው በሰው ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበር ይጠፋ ነበር። ቆይቶ መንገዱ አላስኬድ፣ ኢንተርኔቱ አልሠራ ሲል፣ አንዱ በዝውውር፣ አንዱ በተሻለ ደመወዝ፣ አንዷ በትዳር እያሉ ተበተኑ። አሁን የቀሩት እሷና ጥበቃው አቶ አምሐ ብቻ ናቸው። አቶ አምሐ ደግሞ ጆሯቸው ስለደከመ ሰላምታቸው በእጅ ነው። ጠዋት እጃቸውን ያነሳሉ፤ ማታ እጃቸውን ያነሳሉ። በመካከሉ ያለውን ቀን ትንቢት ከወንበሮቹ ጋር ትውላለች።

የተከራየችው ቤት ፋሲሎ ሰፈር ነው፣ ተከራይ ብቻ በሚኖርበት ግቢ። ከጎኗ አንዲት የሆስፒታል ነርስ አለች፤ ከወዲያ ደግሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ። ሁለቱም በፈረቃ ስለሚሠሩ ትንቢት የምታውቃቸው ከመልካቸው ይልቅ በበራቸው ድምፅ ነው፦ የነርሷ በር ሲዘጋ ይንቋቋል፤ የሰውየው ደግሞ አንዴ ካልተረገጠ አይገጥምም።

በመስከረም መጀመሪያ እናቷ ሞተች። ወንድሟ ነው ደውሎ የነገራት። የዚያን ዕለት በረራ ሞልቶ ነበር፤ የማግስቱም እንደዚሁ። በአዲስ አበባ ዞራ አርባ ምንጭ ስትደርስ ቀብሩ አልፏል። ሰው ሁሉ እንባውን ጨርሶ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ጎረምሶች ካርታ ይጫወታሉ፤ ሴቶቹ ስለ ሌላ ሰው ሰርግ ያወራሉ። እሷ ሻንጣዋን እንደያዘች ስትገባ ሁሉም እንደገና ሊያለቅሱላት ተነሱ፤ ግን ለቅሶው ለእሷ ተብሎ የተሞቀ ምግብ መሰላት፤ የመጀመሪያውን ሙቀት የት ያገኘዋል? ሳምንት ሳትሞላ ተመለሰች። ስትሄድ አዲስ አበባ ላለው አለቃዋ "የቤተሰብ ጉዳይ" ብላ ነበር፤ ስትመለስም እሱ "ጉዳዩ አለቀ?" አላት፤ "አለቀ" አለችው።

ባሕር ዳር ውስጥ ለማንም አልተናገረችም። በመጀመሪያ የጠየቃት አልነበረም። ኋላ ደግሞ ጊዜው ያለፈ መሰላት። እናቴ ከሞተች ከርማለች ተብሎ በር ለበር አይነገር ነገር! ዕድር የላትም፤ የምትሳለምበት ደጅ የላትም። ጥቁርም አልለበሰችም፤ ብትለብስ ይጠይቋታላ።

ቅዳሜ ከሰዓት መሣሪያውን ይዛ ወደ ጣና ዳር ወረደች። የፕሮጀክቱ መሣሪያ ይህ አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። አዲስ አበባ ልካ ብታሠራው የጥቅምት ልኬት ሳይወሰድ ይቀራል፤ አረሙ ደግሞ ከክረምት ማግስት እንደሚስፋፋው በሌላ ወር አይስፋፋም።

እነዚህን መሣሪያዎች የገጣጠማቸው፣ ሊኑክስ የተባለውን ሶፍትዌር የጫነባቸውና የካርታውን ፕሮግራም ያስገባላቸው ሀዲስ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ነበር። ጠረጴዛቸው ጎን ለጎን ነበር፤ አሁን ድሬዳዋ ነው። "ሲታመም ዝም ብለሽ አትነካኪው" ይላት ነበር። "ወሬ በሦስት ሰው አፍ ነው የሚያልፈው። መቀበያው ከሳተላይት ይሰማል፤ መልእክተኛው ከመቀበያው ተቀብሎ ያደርሳል፤ ካርታው ይስላል። አንድ በአንድ ጠይቂያቸው። ዝም ያለሽ እሱ ነው በሽተኛው።"

አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጥቁሩን የትእዛዝ መጻፊያ ከፈተች። መቀበያው የሚሰማውን እንዳለ እንዲያሳያት አዘዘችው። ነጫጭ መስመሮች ከላይ ወደ ታች መውረድ ጀመሩ። በየመስመሩ መነሻ የዶላር ምልክት አለ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ኮማ በኮማ ላይ ነው እንጂ በመካከላቸው ምንም የለም፤ ፍሬው ተፈልፍሎ ያለቀ የበቆሎ ቆረቆንዳ።

ቢሆንም ደስ አላት። መቀበያው አልሞተም። ሳተላይት አልሰማም እንጂ ሊናገር ይሞክራል። ምክንያቱም ገባት። ድሮ ቢሮው ኢንተርኔት በነበረው ጊዜ፣ መሣሪያው የትኛው ሳተላይት የት እንዳለ አስቀድሞ ከመስመር ይማር ነበር። አሁን የሚነግረው ስለሌለ ከራሱ ከሰማዩ መስማት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ገላጣ ቦታ ላይ ሳይነቃነቅ መቆየት ይፈልጋል። ትናንት በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ከወዲያ ወዲህ ስታንገላታው ነበር።

ጉልበቷ ላይ አስቀምጣው ጠበቀች።

ሐይቁ ዳር ሰርገኛ ሞልቶ ነበር። መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ይመጣሉ፤ ሙሽሮች ይወርዳሉ፤ ፎቶ ይነሳሉ፤ ሌላ ይተካል። አንድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከዓይኑ አውርዶ ወደ ትንቢት መጣ።

"እህቴ፣ ይቅርታ፣ ፎቶው ውስጥ እየገባሽብን ነው። ትንሽ ፈቀቅ ትይልን?"

ትንቢት መሣሪያውን አየች። "መንቀሳቀስ አልችልም ነበር..." ብላ ጀመረች። ፎቶ አንሺው አስተያየቱ የታመመ ሰው እንደሚያዩት ሆነ። ሙሽራዋ ቬሏን በእጇ ሰብስባ ቆማለች፤ ነፋሱ ያስቸግራታል። ትንቢት ተነሳች። ደንገሉ ወደሚጀምርበት ዳር ሄዳ እንደ አዲስ ተቀመጠች።

እዚያ ደግሞ አንድ የጸጥታ ጠባቂ መጣ። ቆሞ መሣሪያውን አየው፤ እሷን አየ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

የሥራ መታወቂያዋን አውጥታ ሰጠችው። "እምቦጭ የምንለካበት ነው። ያለሁበትን ቦታ ይነግረኛል።"

"እና ነገረሽ?"

"እስካሁን አልነገረኝም።"

ጠባቂው መታወቂያውን መለሰላትና "በይ፣ ብዙ አትቆይ" ብሏት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነው የኮማዎቹ መካከል መሞላት የጀመረው። በመጀመሪያ አንድ ቁጥር፣ ቀጥሎ ሌላ። አሥራ አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን። ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ወደ ምሥራቅ። ባሕር ዳር ነው! እሷ የተቀመጠችበት ድንጋይ ነው! ትንቢት ብድግ አለች፤ አፏ ፈገግ እንዳለ ለአንድ ሰው ልትነግር ወደ ግራ ዞረች፤ ወደ ቀኝ ዞረች። በቀኝ በኩል ሰርገኞቹ ይጨፍራሉ። በግራ ደንገል ነው። ፈገግታውን ይዛው ተቀመጠች፤ ቀስ ብሎም ከፊቷ ወረደ።

ካርታውን ከፈተች። ነጥቧ የለችም።

መልእክተኛውን ጠየቀችው፤ ቁጥሮቹን አንድ ሳያጎድል ይቀበላል፣ ያቀብላል። አጥፍታ አስነሳችው። መሣሪያውንም አጥፍታ አስነሳች። የካርታው ፕሮግራም ቦታውን የማየት ፈቃድ እንዳለው አረጋገጠች፤ አለው። ሁለቱ ጤነኞች ናቸው። ካርታው ግን እየሰማ እንዳልሰማ ሆኗል። ፕሮግራሙን እንደገና አውርዳ እንዳትጭነው ኢንተርኔት የለም። እየመሸ ሲመጣ ተነሳች።

እሑድ ለሀዲስ ደወለች። ከኋላው የገበያ ጫጫታ ይሰማል።

"ትንቢትዬ! ጠፋሽ እኮ!"

"ጂፒኤሱ እምቢ አለኝ። መቀበያው ይሰማል፤ መልእክተኛው ያደርሳል፤ ካርታው ግን አይስልም።"

"ፈቃዱን አይተሻል?"

"አይቻለሁ።"

"እንግዲህ ካርታው የሚደርሰውን አላመነውም ማለት ነው። ለምን እንደማያምነው... አየሽ፣ ከእጄ ከወጣ ቆየ፣ ብዙውን ረሳሁት። ፎቶ አንስተሽ ብትልኪልኝ—"

"ኢንተርኔት የለም።"

"እሱም አለ ለካ።" ከአጠገቡ ለሆነ ሰው አንድ ነገር ተናገረ፤ ሳቀ፤ ተመለሰ። "ሌላስ፣ ሁሉ ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና?"

ትንቢት ስልኩን ከአንድ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረች። ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው "ሀዲስ!" ብሎ ተጣራ።

"ሁሉ ሰላም" አለች።

"በይ እሺ፣ በሰፊው እንደዋወላለን።"

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ አልጋዋ ላይ ተጋደመች። ካርታው አላመነውም። ይህችን ቃል እያመላለሰች ዋለች።

ሰኞ ማለዳ አቶ ባምላክ ደሴት ላይ ላለ ቤተ ክርስቲያን እህልና ጋዝ የሚያደርሱበት ቀን ነበር። ትንቢት ወደቡ ላይ ጠበቀቻቸው።

"ጋሼ፣ ካደረሱ በኋላ ወደ እምቦጩ ቢወስዱኝ። ካርታው ባይሠራም ቁጥሮቹ ይታዩኛል። በየቦታው እያቆምን በእጄ እገለብጣቸዋለሁ።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ቀኑን ሙሉ።"

አቶ ባምላክ የጤፉን ጆንያ አስተካከሉ። "ነይ ግቢ። እኔስ ውሃ ላይ መዋል ምኔ ነው? አንቺ ግን ሰላም ነሽ ወይ? ከስተሻል።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።"

እህሉን አድርሰው ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ሲደርሱ ውሃው ገና ጭጭ እንዳለ ነበር። አቶ ባምላክ አረሙ ጫፍ ላይ ጀልባውን አቆሙ። ትንቢት የመስመሮቹን መውረድ ገታ አድርጋ አንዱን መርጣ መገልበጥ ጀመረች። ቅዳሜ ያየችው የዲግሪውን ቁጥር ብቻ ነበር፤ አሁን በእጇ ስትጽፈው ግን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ግድ ሆነባት። ሰዓቱ። ሰሜኑ። ምሥራቁ። ፍጥነቱ። ወደ መጨረሻው ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር አለ፦ ሃያ ሰባት፣ አሥር፣ ሃያ አምስት።

እስክሪብቶዋ ቆመ። ይህ ቀን ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የዛሬ ቀን።

ዓይኗ ወደ መሣሪያው ቀኝ ጥግ ሄደ። እዚያ፣ ቀኑን ሙሉ ከፊቷ የሚውለው ትንሽ ጽሑፍ ላይ፣ 2018 ይላል። ስንት ጊዜ አይታዋለች! ባየችውም ቁጥር ልክ ነው። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነዋ። የግድግዳው ካላንደርም የሚለው ይህንኑ ነው። መሣሪያው ግን የሐበሻን ዘመን የት ያውቃል? ለእሱ 2018 ማለት ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈ ዘመን ነው። ሳተላይቱ የዛሬን ወሬ ይዞ ሲመጣ፣ ካርታው ሰዓቱን ያይና ገና ካልደረሰ ዘመን የመጣ ውሸት ነው ብሎ ይጥለዋል።

ትንቢት ሳቀች። ድምፅ አውጥታ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከደንገሉ ውስጥ ወፎች ተነሱ።

"ምነው? ምን አገኘሽ?" አሉ አቶ ባምላክ፤ እሳቸውም ሳያውቁት ፈገግ ብለው።

"ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው ነው ጋሼ! ወሩንም፣ ሰዓቱንም በእኛ! ለዚህ ነው ካርታው አልሰማም ያለው።"

"የኛ አቆጣጠር ደግሞ ምን አጠፋ?"

"ምንም አላጠፋም። ሳተላይቶቹ በፈረንጅ ነው የሚቆጥሩት።"

አቶ ባምላክ ወደ ሰማይ አንጋጠጡ። "እዚያም ሂደው የፈረንጅ አደረጉት እንግዲህ" አሉ።

ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሮጡ። ዓመቱን አስተካከለች፤ ወሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን አስተካከለች። ካርታውን ዘግታ ከፈተችው። ግራጫው ጽሑፍ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ጠፋ። ነጥቧ ከጉማራ አፍ በስተግራ፣ ሰማያዊው ውሃ ላይ፣ ልክ እነሱ ባሉበት ቦታ ቁጭ አለች።

"መጣች!"

"እሰይ!" አሉ አቶ ባምላክ። ሞተሩን አስነስተው የአረሙን ጠርዝ ይዘው መንዳት ጀመሩ። ነጥቧም ከኋላዋ ቀጭን መስመር እየተወች ሄደች። ደስ ብሏቸው ስለነበር ወሬ አማራቸው። "እኔስ ገርሞኝ ነው" አሉ ከሞተሩ ድምፅ በላይ። "አንቺ እንዲህ ያለ ነገር የምትስች አይደለሽም። መቼ ነው የሞላሽው?"

"መስከረም አሥራ አራት። ባትሪው አልቆ ጠፍቶ አገኘሁት። ሳበራው ቀን ጠየቀኝ፤ የግድግዳውን ካላንደር አይቼ ሞላሁ።"

"ምን ነክቶሽ?"

ትንቢት ዓይኗን ከነጥቧ አላነሳችም። ምናልባት ስለ ሳቀች ይሆናል፤ ምናልባት ጀርባዋን ሰጥታቸው ስለ ተቀመጠች። ቃሉ ምንም ሳይከብዳት ወጣ።

"ያን ቀን ከእናቴ ለቅሶ መመለሴ ነበር።"

ሞተሩ ቆመ።

ጀልባዋ በያዘችው ፍጥነት ጥቂት ሄደችና ቀስ እያለች ሰነፈች። ውሃው ጎኗን ሲመታ ይሰማል። ትንቢት ዞር አለች። አቶ ባምላክ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ይዘውታል።

"ማን ሞተ አልሽ?"

"እናቴ።"

"በመስከረም?"

"አዎ።"

"ታዲያ እኔ..." አሉ። "እኔ ዛሬ ጧት ሰላም ነሽ ወይ ብየ ጠየቅሁሽ። ባለፈውም ጠየቅሁሽ። እግዚአብሔር ይመስገን አልሽኝ። እናትሽ ሞታ!"

"ለማን ልንገር ጋሼ?"

አቶ ባምላክ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ "እኔ የለሁም?" አሉ። ተነስተው፣ ጀልባዋ እንዳትዛነፍ ጎንበስ ብለው በመቀመጫዎቹ መካከል መጡና እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አኖሩ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ። ነፍሷን ይማር። እግዚአብሔር ያጥናሽ ልጄ።"

ይህን ቃል አርባ ምንጭ እያለች ብዙ ሰው ብሏታል። አንዱም እንዲህ አላገኛትም ነበር። ፊቷን ወደ እምቦጩ መለሰች። አቶ ባምላክ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ሞተሩን አስነሱ። እየነዱ ጠርዙን ተከተሉ። በየመታጠፊያው ጀልባዋን ቀስ ያደርጓታል፤ በለስላሳው ያዞሯታል። ትንቢት ከፊት ተቀምጣ አለቀሰች። ነጥቧ ትሄዳለች፤ መስመሩ ይረዝማል። ስክሪኑ ላይ ውሃ ሲንጠባጠብበት በእጅጌዋ ትጠርገዋለች። ቀትሩ ሳይደርስ ልኬቱ አለቀ፤ አረሙ ካለፈው ልኬት ወዲህ ሰፍቶ ነበር።

ማግስቱን ከሥራ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች ሳለ፣ ከግቢው በር የሴት ለቅሶ ተሰማ። የማን ይሆን ብላ ወጣች። የአቶ ባምላክ ባለቤት ፅጌ ማርያም ነበረች፤ ከዚያ በፊት ወደቡ ላይ አንድ ሁለቴ ብቻ አይታታለች። ነጠላዋን በሐዘን አጣፍታ፣ በእጇ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ፣ "ወይኔ ልጄ! ወይኔ ብቸኛዋ!" እያለች ግቢውን አቋርጣ መጣች። ከኋላዋ አቶ ባምላክ፣ ከእሳቸውም ኋላ ጥበቃው አቶ አምሐ አሉ። ትንቢት በሯ ላይ እንደ ቆመች ፅጌ ማርያም አቀፈቻት፤ ሁለቱም ተያይዘው አለቀሱ።

በጩኸቱ የነርሷ በር ተከፈተ። "ምንድን ነው? ምን ሆነች?" አለች፤ ሰማችና ራሷን ይዛ መጣች። ስሟ ቃልኪዳን እንደሆነ ትንቢት ያወቀችው ያን ዕለት ነው። የፋብሪካው ሠራተኛም ወጣ፤ ከቤቱ ሁለት ወንበር ይዞ መጣ። እንዲያም ሆኖ መቀመጫ አልበቃም። ሴቶቹ አልጋው ላይ፣ አቶ አምሐ በተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ፅጌ ማርያም ሳህኑን ገለጠች፤ ንፍሮ ነበር። ንፍሮው በእጅ በእጁ ዞረ።

"ስሟ ማን ነበር?" አለች ፅጌ ማርያም።

"ዶርቃስ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነበረች?"

"ውሃ ትፈራ ነበር" አለች ትንቢት። "የእኛ አገር ሐይቅ አዞ አለበት። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በደወለች ቁጥር 'አዞው እንዴት ነው?' ትለኛለች። 'እማዬ፣ ጣና አዞ የለውም' እላታለሁ። 'እሺ' ትላለች። በሚቀጥለው ደግሞ 'አዞው እንዴት ነው?'"

ፅጌ ማርያም ሳቀች፤ አፏን በነጠላዋ ከለለች። ሌሎቹም ሳቁ። አቶ አምሐ "ምን አለች?" አሉ፤ አቶ ባምላክ ጆሯቸው ስር "አዞ!" ብለው ጮኹባቸው። አቶ አምሐ ደንግጠው "በላት?" አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ትንቢትም ዓይኗ እንደ ረጠበ ሳቀች።

"አርባዋስ ወጣ?" አለች ፅጌ ማርያም ሊነሱ ሲሉ።

"ጴንጤ ነን እትዬ፤ እኛ ቤት አርባ አይወጣም።"

"እንግዲያው እንዲሁ እንመጣለን" አለች ፅጌ ማርያም።

ሲሄዱ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። ስትመለስ ወንበሮቹ እንደ ነበሩ ነበሩ፤ ሰው እንደ ተቀመጠባቸው ወደ አልጋው ዞረው። ቃልኪዳን ፈረቃዋ ደርሶ ወጣች፤ በሯ ተንቋቋ። ትንቢት ወንበሮቹን ለሰውየው መለሰች። ቤቱ ከወትሮው የሰፋ መሰላት።

ካርታውን በፍላሽ አድርጋ ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ሰው ላከች። ከአለቃዋ "ደርሷል" የምትል አጭር መልእክት መጣላት። ስለ ሌላ ነገር አልጠየቀም። ከዚያ ሳምንት በኋላ ገበሬዎቹ በጉማራ በኩል መውረዳቸውን አቶ ባምላክ ነገሯት፤ የፕሮጀክቱ ዕድሜ ይራዘም አይራዘም ግን እስካሁን የሚያውቅ የለም።

እሑድ ጠዋት የፅጌ ማርያምን ሳህን አጠበች። ባዶውን ሳህን መመለስ ነውር ስለሆነ ገበያ ሄዳ ሙዝ ገዛች፤ የአርባ ምንጭ ነው ብሎ ሻጩ ስለማለላት። ቤታቸውን አታውቀውም ነበር። ወደቡ ላይ ጠየቀች፤ አንዱ እስከ ዋርካው፣ ሌላው ከዋርካው ወዲያ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ እስከ በሩ ድረስ አደረሷት። በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል።

"ንግሥ ሄደዋል" አለች ከጎን ቤት የወጣች ሴት። "በጀልባ። ሲመሽ ይመለሳሉ። ማን ልበላቸው?"

ትንቢት ምን እንደምትል አሰበች። ኢንጂነሯ ልበል? የእምቦጯ?

"ትንቢት መጥታ ነበር በሉልኝ" አለች። ሳህኑን ከነሙዙ ለሴትዮዋ ሰጠቻት።

በሐይቁ ዳር በኩል ተመለሰች። የቀትሩ ነፋስ ተነስቶ ነበር፤ ውሃው ዳሩን ይደበድባል። ሰርገኞቹ ገና አልመጡም። ቤቷ ገብታ ሻይ ጣደች። እናቷ ዘወትር የምትደውልበት ሰዓት ደረሰ፤ አለፈ። ሻዩን ጠጣች። መብራት ሄዶ መጣ።

ሲመሽ ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነበር።

"አንቺ!" አለች ፅጌ ማርያም። "ባዶ ቤት መጥተሽ ተመለስሽ አሉኝ። ቤቱን ማን አሳየሽ?"

"ጠይቄ ነው እትዬ።"

"ምነው ብትደውይ? ቁጥሬን አታውቂውም ለካ። ይኸው ይኸ ነው፤ መዝግቢው።" ከኋላዋ ሰው ሲገባና ሲወጣ፣ ዕቃ ሲንኳኳ ይሰማል። "በላሽ?"

"በልቻለሁ።"

"ምን በላሽ?"

ትንቢት የሻዩን ብርጭቆ አየች። "ገና ነኝ" አለች።